ተፈርዶልኛል፤ ገንዘቡስ?

በፍርድ ግልባጮች መጨረሻ ላይ የማይቀር መስመር አለ፦ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።» ከሱ በላይ «ተከሳሽ ለከሳሽ ብር 480,000 ከነወለዱ ይክፈል» ተብሎ ተወስኗል። ከሳሽ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሳምንት ይጠብቃል፣ ወር ይጠብቃል፤ የሚደውልለት የለም። ምክንያቱም ያ የመጨረሻ መስመር እንደተጻፈው ነው የሚሠራው፤ ባለመብቱ በአዲስ ማመልከቻ እስካላንቀሳቀሰው ድረስ መዝገቡ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

ፍርድ ቤት ያስገድዳል እንጂ አያፈላልግም። ባንክን ያዛል፣ ቤት ያግዳል፣ መኪና ያስይዛል፣ በሐራጅ ያሸጣል። የትኛው ባንክ፣ የትኛው ቤት፣ የትኛው መኪና እንደሆነ የሚነግረው ግን ባለመብቱ ነው። በአፈጻጸም ችሎት፣ ማለትም የተሰጠን ፍርድ በሚያስፈጽመው ችሎት፣ ዓመታት የሚያስቆጥሩ መዝገቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚጓተቱት በዚህ ነው። የዳኛ ወይም የሕግ ጉድለት ሳይኖር፣ «ንብረቱን አሳይ» ሲባል የሚያሳይ በመጥፋቱ።

ጉዳዩን የሚገዛው የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። በወረቀት ላይ «የፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ.» ተብሎ ሲጻፍ የሚያዩት እሱ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች፣ ሌላ ሕግ ካልጠራን በቀር፣ የዚህ ሕግ ናቸው። የገንዘብ ባለመብቱን «የፍርድ ባለመብት»፣ ከፋዩን «የፍርድ ባለዕዳ» ይላቸዋል፤ እኛም እንደዚያው።

መጀመሪያ ወረቀቱን ያንብቡ

ማኅተም ያረፈበትን የፍርዱን ትክክለኛ ግልባጭ ያውጡ። ከዚያ የውሳኔውን ክፍል ቃል በቃል ያንብቡ፤ የአፈጻጸም ችሎት ፍርዱን እንደተጻፈ ይፈጽማል እንጂ የጎደለውን አይሞላም።

የባለዕዳው ስም እስከ አያት ተጽፏል? መታወቂያው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው? «ኃይሌ» እና «ሀይሌ» ለእኛ ያው ናቸው፤ ለባንክ ኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው ናቸው። ወለዱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እስከ መቼ እንደሚታሰብ ተገልጿል? ባለዕዳዎቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ «በአንድነትና በነጠላ» ይላል ወይስ ድርሻ ድርሻቸውን? «በአንድነትና በነጠላ» ካለ ሙሉውን ዕዳ አቅም ካለው ከአንዱ መጠየቅ ይቻላል። በዋስም ላይ በተሰጠ ፍርድ ውስጥ ይህ ሐረግ ወርቅ ነው።

በጣም ብዙ ሰው የሚያልፈው ደግሞ ይኸኛው ነው፦ «ከሳሽ የወጪና ኪሳራ ዝርዝር የማቅረብ መብቱ ተጠብቋል።» ይህ ወጪው ተፈርዶልዎታል ማለት አይደለም። የዳኝነት ክፍያ፣ የጠበቃ አበል፣ የምስክር ወጪ ዝርዝሩን ከነደረሰኙ አቅርበው፣ ችሎቱ ተመልክቶ ይህን ያህል ይከፈል ካላለ በቀር በአፈጻጸም አይጠየቅም።

የጽሕፈት ወይም የሒሳብ ስሕተት ካገኙ ፍርዱን የሰጠውን ችሎት እንዲያርም ይጠይቁ። ስሕተቱን ይዘው አፈጻጸም ከገቡ ባለዕዳው የመጀመሪያውን ቀጠሮ በእሱ ይበላዋል።

በፍርድ ቤት የጸደቀ የዕርቅ ስምምነትም እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ስለዚህ ሲታረቁ «በቅርቡ ይከፍላል» የሚል ቃል አይቀበሉ። መጠኑ፣ ቀኑና ካልከፈለ የሚከተለው ነገር በግልጽ ይጻፍ።

ሒሳቡ

ማመልከቻው ላይ «ዕዳው ይከፈለኝ» ብሎ መተው አይበቃም፤ እስከ ማመልከቻው ቀን ያለው ዕዳ ተሰልቶ ይቀርባል። ከላይ ያለውን 480,000 ብር እንውሰድ። ፍርዱ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2014 ጀምሮ ተከፍሎ እስኪያልቅ ሕጋዊ ወለድ ይታሰብ ብሏል እንበል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 ከመቶ ነው፤ ወለድ ወለድ አይወልድም። የአንድ ዓመቱ 43,200 ብር ይሆናል። ማመልከቻው ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ከገባ የሦስት ዓመቱ 129,600 ብር ነው። የጸደቀው ወጪና ኪሳራ 20,400 ብር ቢሆን ጠቅላላው 630,000 ብር ይመጣል። ከዚያ ወዲያ በየወሩ 3,600 ብር ይጨምራል።

ባለዕዳው ከመሐል 100,000 ብር ቢከፍልስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከፊል ክፍያ በቅድሚያ ወጪውን፣ ቀጥሎ ወለዱን፣ በመጨረሻ ዋናውን ገንዘብ እንደሚሸፍን ይደነግጋል። ስለዚህ 20,400ው ወጪ ይዘጋል፤ የቀረው 79,600 ከወለዱ ላይ ይነሳል፤ ዋናው 480,000 ግን አልተነካም፤ ወለዱም በሙሉው ላይ መቁጠሩን ይቀጥላል። ባለዕዳዎች ከዋናው ላይ ቀንሰው አስልተው ይመጣሉ። የራስዎን ስሌት በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ፣ ቀን በቀን አድርገው ይያዙ። ዳኛውም ሬጅስትራሩም የሚያዩት እሱን ነው።

በእጅ ወይም በባንክ የተቀበሉትን እያንዳንዱን ክፍያ ለችሎቱ ያሳውቁ። ከመዝገብ ውጭ የተከፈለ ገንዘብ በኋላ «ከፍያለሁ፣ አልተቀበልኩም» የሚል ሌላ ክርክር ይወልዳል። ባለዕዳም ከሆኑ ይኸው ነው፤ የከፈሉትን በደረሰኝ አስደግፈው መዝገቡ ላይ ያስፍሩ።

ማመልከቻው የት፣ መቼ፣ እንዴት

የሚቀርበው በመጀመሪያ ጉዳዩን አይቶ ለፈረደው ፍርድ ቤት ነው (ቁ. 371)። ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ቢያሻሽለውም አፈጻጸሙ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ይመለሳል፤ የይግባኙን ፍርድ ግልባጭ አያይዘው ይገባሉ። በፌዴራል ደረጃ፣ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለውን የገንዘብ ክርክር የሚያየው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ስለሆነ አብዛኛው ሰው አፈጻጸሙንም የሚያገኘው እዚያው ነው። ባለዕዳው ወይም ንብረቱ ሌላ ከተማ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ተፈርዶ ንብረቱ ሐዋሳ ቢገኝ ለምሳሌ፣ ፈራጁ ፍርድ ቤት ለዚያ አካባቢ ፍርድ ቤት ውክልና ይሰጣል። ይህንን ከመጀመሪያው ይጠይቁ። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ሲታሰብ ወራት ያልፋሉ።

ማመልከቻው (ቁ. 378) የፍርዱን መዝገብ ቁጥር፣ የተከራካሪዎችን ስም፣ ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን፣ ይግባኝ መባሉንና አለመባሉን፣ ከፍርዱ በኋላ የተከፈለ ነገር ካለ እሱን፣ ቀሪውን ዕዳ፣ ወጪውን፣ እና ፍርድ ቤቱ በምን መንገድ እንዲረዳዎት እንደሚፈልጉ ይይዛል። ይህ የመጨረሻው የማመልከቻው ልብ ነው። «ንብረቱ ተከብሮ (በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ተይዞ) ይሸጥልኝ» ከማለት «በእገሌ ስም የተመዘገበው፣ የሰሌዳ ቁጥሩ ይህ የሆነው ተሽከርካሪ ተከብሮ ይሸጥልኝ» ማለት ይሻላል።

ለማመልከት 10 ዓመት አለ (ቁ. 384)። በመርሕ ካለፈ ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ጊዜው ረጅም ስለሆነ ሰው ይዘናጋል፤ ባለዕዳው ግን አይዘናጋም፤ በነዚያ ዓመታት ቤቱ ይሸጣል፣ ሒሳቡ ይዘጋል፣ ድርጅቱ ስም ይቀይራል። ከነሐሴ እስከ መስከረም ያለውን የፍርድ ቤቶች ዕረፍትም አስበው ይግቡ።

ባለዕዳው ሲቀርብ

ችሎቱ ባለዕዳውን ጠርቶ ለምን እንዳልከፈለ፣ ምን ንብረት እንዳለው ይጠይቀዋል (ቁ. 386)። ሰዎች ይህን ቀጠሮ እንደ ሥርዓት ማሟያ ያዩታል፤ ከተዘጋጁበት ግን ዋጋ አለው። የት እንደሚሠራ፣ ቤት ከማን እንደሚከራይ ወይም ለማን እንደሚያከራይ፣ በየትኛው ባንክ እንደሚንቀሳቀስ የሚያወጡ ጥያቄዎችን ጽፈው ይምጡ፤ ችሎቱ እንዲጠይቅልዎትም ያመልክቱ። እዚያ የሰጠው ቃል በመዝገብ ይሰፍራል፤ በኋላ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ መያዣ ነው።

መጥሪያ ደርሶት ካልቀረበ ፖሊስ ይዞት እንዲቀርብ ይታዘዛል። እዚህ ላይ ብዙ መዝገብ ይቆማል፤ ፖሊስ ጣቢያው «በአድራሻው አልተገኘም» ብሎ ይመልሳል። ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የሥራ ቦታና በስንት ሰዓት እንደሚገኝ ጭምር ያለበት አድራሻ ለጣቢያው ካልሰጡ ትዕዛዙ ይመላለሳል።

እስርስ? መክፈል እየቻለ እንቢ ያለን ባለዕዳ ችሎቱ ሊያስር ይችላል። ድሃ ስለሆነ ግን ማንም አይታሰርም፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 11 የውል ግዴታን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ ሰው እንዳይታሰር ይከለክላል። ስለዚህ «ይታሰርልኝ» ከማለትዎ በፊት የመክፈል አቅሙን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ያ ማስረጃ ካለዎት ደግሞ ብዙ ጊዜ ንብረቱን ማስያዝ ይቀላል።

ባለዕዳው «በክፍያ ይከፋፈልልኝ» ሲል ወዲያው እንቢ አይበሉ፤ ግን ሦስት ነገር ይጠይቁ። የመጀመሪያው ክፍያ ዳጎስ ይበል። አንድ ወር ካዛነፈ ቀሪው በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚጠየቅ ይሁን። ከሁሉም በላይ፣ በንብረቱ ላይ የተሰጠው እግድ የመጨረሻው ብር እስኪገባ ድረስ አይነሳ። «እግዱ ይነሳልኝና ሸጬ ልክፈል» የሚለውን ልመና የተቀበሉ ሰዎች በኋላ ከዜሮ ነው የሚጀምሩት። ሽያጩ እውነተኛ ከሆነ ገዢው ገንዘቡን በፍርድ ቤት ያስይዝና እግዱ በዚያው ቀን ይነሳ።

ንብረቱን መጠቆም

የባንክ ሒሳብ። 30 ያህል ባንክ ባለበት አገር «በሁሉም ባንክ ይፈለግልኝ» የሚል ጥያቄ ብዙ ደብዳቤና ትንሽ ገንዘብ ያስገኛል። የቆዩ ወረቀቶችዎን ያገላብጡ። ባለዕዳው አንድ ጊዜ የከፈለበት ሲፒኦ፣ የሰጠዎት ቼክ፣ የላከበት የዝውውር ደረሰኝ የባንኩን ስምና የሒሳብ ቁጥሩን ይይዛል። የፋይዳ ቁጥሩ ውሉ ላይ ካለ ለስም መመሳሰል መድኃኒት ነው። ትዕዛዙ «እስከ ብር 630,000 ድረስ ያለው፣ ከዚያ ካነሰም ወደፊት የሚገባው» ተብሎ እንዲጻፍ ይጠይቁ። ያለዚያ ባንኩ በዚያ ቀን ያገኘውን 312 ብር ይዞ «ታግዷል» ብሎ ይመልሳል፤ በሳምንቱ የሚገባው ያልፋል። ባለዕዳው መጥሪያው በደረሰው ማግስት ሒሳቡን ባዶ እንደሚያደርግ የሚያሰጋ ነገር ካለ፣ ከማመልከቻው ጋር በቃለ መሐላ የተደገፈ የእግድ ጥያቄ ያስገቡ።

ደመወዝ። ቀላል ይመስላል፤ ሒሳቡን ሲሠሩት ግን ያስደነግጣል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከደመወዝ ሁለት ሦስተኛው አይነካም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከደመወዝ የሚቆረጠው በማናቸውም ሁኔታ ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ባለዕዳው በወር 18,000 ብር ቢያገኝ የሚቆረጠው 6,000 ነው። ከሱ 3,600ው የወሩን ወለድ ይዘጋል። የሚተርፈው 2,400 ብር ቀድሞ የተጠራቀመውን 150,000 ወጪና ወለድ ለመጨረስ 62 ወር ተኩል ይፈጃል፤ ዋናው 480,000 የሚነካው ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ለቀለብ አስቀድሞ እየተቆረጠበት ከሆነ ደግሞ የሚቀረው ያንሳል። መሥሪያ ቤት ሲቀይርም የተጻፈው ትዕዛዝ አብሮት አይሄድም፤ ለአዲሱ አሠሪ አዲስ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደመወዝ ሌላ ነገር እስኪገኝ ድረስ ይያዝ እንጂ በሱ ብቻ አይርኩ።

በሦስተኛ ወገን እጅ ያለ ገንዘብ። ይኼ እምብዛም የማይታሰብ፣ ግን ፈጣን መንገድ ነው። ባለዕዳው ቤት ካከራየ ተከራዩ ኪራዩን ለፍርድ ቤት እንዲያስገባ ይታዘዛል። ተከራዩ ትዕዛዙ ከደረሰው በኋላ ለአከራዩ ቢከፍል ሁለት ጊዜ ለመክፈል ይጋለጣል። ባለዕዳው ተቋራጭ ከሆነ ሥራውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ያልከፈለው ቀሪ ክፍያ አለ። ነጋዴ ከሆነ ዕቃ በዱቤ የወሰዱበት ደንበኞች አሉ። ያልወጣለት እቁብም ሰብሳቢው እጅ ያለ ገንዘብ ነው።

ቤት። ግለሰብ ተነስቶ የሌላን ሰው ይዞታ መረጃ አያገኝም። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ለክፍለ ከተማው የይዞታ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት «በባለዕዳው ስም የተመዘገበ ቤት መኖሩ፣ ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑ ተጣርቶ ይገለጽ» ብሎ እንዲጽፍ ያመልክቱ። ወረዳውን፣ የቤት ቁጥሩን፣ ካገኙም የካርታ ቁጥሩን ይስጡ። መልሱ «በባንክ ዕዳ የተያዘ» ካለ ተስፋ አይቁረጡ፤ አሠራሩን ግን ይወቁ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ራሱ መሸጥ ይችላል፤ ከእርስዎም ቀድሞ ይከፈላል። ቤቱ 4 ሚሊዮን ያወጣና የባንኩ ቀሪ ዕዳ 1 ሚሊዮን ከሆነ ግን ልዩነቱ ለእርስዎ ይበቃል። ባንኩ ሲሸጥ ከዕዳው የተረፈውን ለባለዕዳው እንዳይሰጥ፣ ለፍርድ ቤት ገቢ እንዲያደርግ ትዕዛዝ ያሰጡ። የገጠር መሬት ለሐራጅ አይቀርብም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም።

መኪና። ሁለት ትዕዛዝ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው አንዱን ይረሳዋል። ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የሚጻፈው የስም ዝውውሩን ይከለክላል፤ መኪናው ግን መንገድ ላይ መሽከርከሩን፣ መጋጨቱን፣ ጎማው ማለቁን አያቆምም። ለትራፊክ ፖሊስ የሚጻፈው ነው መኪናውን በአካል የሚያስይዘው። የሰሌዳ ቁጥር ከነኮዱ፣ የሻንሲ ቁጥር፣ ሌሊት የሚያድርበት ቦታ ይጠቀስ። ሊብሬው በማን ስም እንደሆነም አስቀድመው ያጣሩ። በውክልና ብቻ ሲዞር የኖረ መኪና ባለዕዳው ቢነዳውም በሌላ ሰው ስም ሊገኝ ይችላል።

ድርጅት። ፍርዱ በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ላይ ከሆነ የሥራ አስኪያጁን ቪላ ማስያዝ አይቻልም፤ ማኅበሩና ባለቤቱ በሕግ ሁለት ሰው ናቸው። የማኅበሩን ሒሳብ፣ ማሽኖች፣ ተሽከርካሪዎችና የሚሰበስበውን ክፍያ ይፈልጉ። የተገላቢጦሽም እውነት ነው። ባለዕዳው ግለሰብ ከሆነ በማኅበሩ ውስጥ ያለው ድርሻ ይያዛል እንጂ የማኅበሩ መኪና አይያዝም።

የማይነካው

ቁ. 404 ለባለዕዳውና ለቤተሰቡ የሚተወውን ይዘረዝራል፦ ልብስ፣ አልጋና መኝታ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ የሙያ መሣሪያ፣ ለገበሬ እንጀራ ማግኛው የሆኑ ከብቶችና ዘር፣ ለሦስት ወር የሚበቃ ምግብና ገንዘብ፣ ጡረታ፣ ቀለብ። የልብስ ስፌት ባለሙያዋን የሲንጀር መኪና ማስያዝ አይቻልም ማለት ነው፤ መሣሪያዋ ከተወሰደ ዕዳውንም የምትከፍልበት አይኖርም። ክርክር የሚነሳው በትልልቆቹ ላይ ነው፤ ባለታክሲው መኪናዋ የሙያ መሣሪያዬ ናት ይላል። ከመጠየቅዎ በፊት ሌላ የሚያዝ ነገር ካለ ያንን ያስቀድሙ፤ ክርክሩ ከንብረቱ ዋጋ በላይ ጊዜ ይበላል።

«ንብረቱ የእኔ ነው» የሚል ሲመጣ

ቤቱ በታገደ በወሩ አንድ የማያውቁት ሰው አቤቱታ ያስገባል፦ ቤቱን ከሁለት ዓመት በፊት ገዝቼዋለሁ። ወይም የባለዕዳው ሚስት ትቀርባለች፦ ግማሹ የእኔ ነው። ይህ በቁ. 418 የሚቀርብ ተቃውሞ ነው፤ በሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች ውስጥም ተደጋግሞ የሚነሳ ርዕስ ነው። ችሎቱ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ እግዱ ይጽና ወይስ ይነሳ የሚለውን ይወስናል፤ የተረታው በሌላ ክስ መብቱን ማስከበር ይችላል። አቤቱታው እስኪወሰን ሽያጩ ስለሚቆም አንዳንዱ ባለዕዳ ራሱ የሚያዘጋጀው ነው።

መታየት ያለበት ቀኑ ነው። የሽያጭ ውሉ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው ወይስ ውልና ማስረጃ ፊት የተፈረመ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል፤ ቁጥር 2878 ደግሞ ሽያጩ በመዝገብ ካልተጻፈ በሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ እንደማይሆን ይናገራል። ውሉ የተረጋገጠው ከእግዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ገንዘቡ በባንክ ተላልፏል? ገዢ ነኝ ባዩ ግብር ከፍሏል፣ ቤቱ ውስጥ ይኖራል? እነዚህን የሚያሳዩ ማስረጃዎች ከየመሥሪያ ቤቱ እንዲቀርቡ ያመልክቱ። ሽያጩ እርስዎን ለመጉዳት ሆን ተብሎ በዘመድ መካከል የተደረገ ከሆነ፣ ባለገንዘብ እንዲህ ያለውን ውል እንዲቃወም የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይፈቅድለታል። ይህ ግን ራሱን የቻለ ክስ ነው።

የትዳር ጓደኛ ተቃውሞ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ይፈታል። የአንዱ ተጋቢ የግል ዕዳ በቅድሚያ ከግል ንብረቱ፣ ካልበቃ ከጋራው ይከፈላል፤ ለትዳር ጥቅም የተገባ ዕዳ ከሆነ ግን የሁለቱም ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የተበደረው ለምን እንደነበረ የሚያሳይ ወረቀት እዚህ ያድናል። ውሉ ላይ «ለቤት ማሠሪያ» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ክርክሩ ያጥራል።

ሐራጁ

የተከበረው ንብረት በባለሙያ ይገመታል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ግምቱንም ጨረታውንም የሚመራው የፍርድ አፈጻጸም ዳይሬክቶሬት ነው። ግምቱ ሲደርስዎት በዝምታ አይለፉት። ከገበያ በላይ ከሆነ ተጫራች አይመጣም፤ ከገበያ በታች ከሆነ ባለዕዳው ይቃወማል። የአካባቢውን የሽያጭ ዋጋ ይዘው በቀጠሮው ቀን ተቃውሞዎን ያስመዝግቡ።

ቀጥሎ ማስታወቂያው በጋዜጣ ይወጣል፤ አዲስ ዘመን ላይ «የሐራጅ ማስታወቂያ» የሚለውን ገጽ ያየ ያውቀዋል። የመዝገቡ ቁጥር፣ የካርታ ቁጥሩ፣ የቦታው ስፋት፣ የመነሻ ዋጋው፣ ቀንና ሰዓቱ ይሰፍራሉ። አሸናፊው ያሸነፈበትን ዋጋ አንድ አራተኛ ወዲያውኑ በሞዴል 85 (በፍርድ ቤት የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ) ያስይዛል፤ ቀሪውን በተሰጠው ቀነ ገደብ ካልከፈለ ያስያዘውን ያጣል፣ ጨረታውም ይደገማል።

ማስታወቂያው የወጣ ዕለት ገዝተው እያንዳንዱን ቁጥር ከካርታው ጋር ያመሳክሩ። የካርታ ቁጥር መዛባት፣ የስፋት ስሕተት፣ የተሳሳተ ሰዓት ጨረታውን ሊያሰርዝ ይችላል፤ በቁ. 445 ጨረታው በጉልህ የሥርዓት ጉድለት ወይም በማጭበርበር የተበላሸ ነው የሚል አቤቱታ ይቀርባልና። ከጨረታው በፊት ያልታየ ስሕተት ከጨረታው በኋላ ወራት ያስከፍላል። ለማስታወቂያ፣ ለማጓጓዣና ለማከማቻ ያወጡትን ደረሰኝ በሙሉ ይያዙ፤ ከሽያጩ ገንዘብ ላይ ይጠየቃል።

በመጀመሪያው ጨረታ የመነሻ ዋጋውን የሚሰጥ ካልተገኘ ሁለተኛ ይወጣል። ባለመብቱም «በግምቱ ልረከበው» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ይህን ከማለትዎ በፊት ሁለት ነገር ያስሉ፦ የንብረቱ ግምት ከዕዳው ከበለጠ ልዩነቱን ከኪስዎ ይከፍላሉ፤ ቤቱ ውስጥ ሰው ካለም ማስለቀቁ ሌላ ሥራ ነው።

ገንዘቡ ፍርድ ቤት ገብቶም የሚጠብቁት ሌሎች ሊኖሩ ይችላሉ። መያዣ ያለው ባንክ፣ ያልተከፈላቸው የድርጅቱ ሠራተኞች፣ ግብር ሰብሳቢው ከእርስዎ ይቀድማሉ።

ባለዕዳው ይግባኝ ካለ

ይግባኝ መጠየቁ ብቻውን አፈጻጸሙን አያቆምም (ቁ. 332)። የሚያቆመው ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ወይም ሰበር የሰጠው የእግድ ትዕዛዝ ነው። ባለዕዳው «ይግባኝ ብያለሁ» ሲል የእግዱን ደብዳቤ ያምጣ ይበሉ። እግድ ከተሰጠም፣ ገንዘቡን ወይም በቂ ዋስትና እንዲያስይዝ ይግባኝ ሰሚውን ይጠይቁ፤ ሕጉ ይህን ይፈቅዳል። ይግባኙ ሲወድቅ እግዱ እንዲነሳ የተጻፈውን ትዕዛዝ በእጅዎ ይዘው ወደ አፈጻጸም ችሎት ይሂዱ፤ ራሱ አይመጣም።

ፍርዱ ውጭ አገር ከተሰጠ

በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ፍርድ ቤት የተሰጠ ፍርድ እዚህ ባለ ንብረት ላይ እንዲፈጸም ከቁ. 456 እስከ 461 ያለው ሥርዓት አለ። ከባዱ መስፈርት የመጀመሪያው ነው፦ የፈረደው አገር የኢትዮጵያን ፍርድ ይፈጽማል ወይ የሚለው። በተጨማሪ ባለዕዳው ቀርቦ የመከላከል ዕድል ማግኘቱ፣ ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑ፣ ከሕዝብ ሞራልና ጸጥታ አለመቃረኑ ይታያል። የግልግል ዳኝነት ውሳኔ ግን የተሻለ መንገድ አለው፤ ኢትዮጵያ የኒውዮርክን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 አጽድቃለች። ከአገር ቤት ሰው ጋር በውጭ ሆነው ውል የሚያደርጉ ሰዎች የግልግል አንቀጽ ቢያስገቡ የሚጠቅማቸው ለዚህ ነው።

ገና ካልከሰሱ

ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ከፍርድ በፊት ያለው ነው። ተከሳሹ ንብረቱን ለመሸጥ ወይም ለማሸሽ መዘጋጀቱን የሚያሳይ ነገር ካለ፣ ክሱ በገባበት ቀን ንብረቱ እንዲከበር ወይም ዋስትና እንዲያስይዝ መጠየቅ ይቻላል (ከቁ. 151 ጀምሮ)። «ሊያሸሽ ይችላል» የሚል ጥርጣሬ አይበቃም፤ የሽያጭ ማስታወቂያ፣ ደላላ የላከው ፎቶ፣ የምስክር ቃለ መሐላ ያስፈልጋል። ክርክሩ ሁለት ዓመት ቢወስድም ቤቱ ታግዶ ይቆይዎታል፤ ፍርዱ ሲሰጥ የሚቀረው ማስሸጥ ነው።

ብድሩን ሲሰጡ ደግሞ፦ የተበዳሪውን መታወቂያ ሁለቱንም ገጽ ቅጂ፣ ስም እስከ አያት፣ የቤት ቁጥር፣ የሥራ ቦታ፣ የትዳር ጓደኛ ፊርማ። ገንዘቡን በእጅ አይስጡ፤ ወደ ባንክ ሒሳቡ ያስገቡለትና የዝውውር ደረሰኙን ከውሉ ጋር ያስቀምጡ። ያ ደረሰኝ ከዓመታት በኋላ በአፈጻጸም ማመልከቻው ላይ «በዚህ ባንክ፣ በዚህ ቁጥር» ብለው የሚጽፉት መስመር ነው።